ከእንጦጦ እስከ ለገሃር



ዘንድሮ ከየካ ተነሥተን እንጦጦን ጎብኝተን መጥተናል። ዳገቱ ለኛ ለሽማግሌዎቹ ቀላል አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ ቁጭ ብለን አርፈናል። ልጆቹ ቤተ መንግሥት ሲባሉ እንደ ጎንደር ያለ ግንብ ነበር የጠበቁት፤ ያገኙት ግን በኖራ የተቀባ የእንጨትና የጭቃ ቤት ነው። «ይኸው ነው እንዴ?» አሉ። አዎን፣ ይኸው ነው። ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑትም እዚያው አጠገብ ባለችው በእንጦጦ ማርያም ነው።

በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ሰው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ሥራ ፈቃድ የሰጡት እኒሁ በጭቃ ቤት የኖሩ ንጉሥ ናቸው። ሥራው ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር፤ ተራራው እምቢ ቢል ጊዜ ከግርጌው ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከዚያ ወዲያ ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት፤ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያንም ተጨቃጨቁበት፤ እንዲያው ስንት ዓመት ባከነ! ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ባቡሩ አዲስ አበባ አልገባም ነበር። የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ስንመለስ ከመገናኛ በከተማው ባቡር ተሳፍረን ለገሃር ወረድን። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው ጣቢያ እንደ ቆመ ነው፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ግን መነሻው ለቡ ሆኗል። ከመካከላችን በልጅነታቸው ከዚህ ተነሥተው ድሬዳዋ የሄዱ አንዲት እናት ነበሩ። በሩ ላይ ቆመው ብዙ ቆዩና «ናዝሬት ላይ እናቴ በመስኮት ሙዝ ገዛችልኝ» አሉን።