ወደ ኮረም የሚወጣው መንገድ

ከሮቢት ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ቆቦን፣ ዋጃንና አላማጣን አልፎ የግራ ካህሱን ጠመዝማዛ ዳገት ይያያዛል። የራያ ሜዳ ከነማሽላው ከታች ይቀራል፤ ነፋሱም ይቀዘቅዛል። ዳገቱ ሲያልቅ ኮረም ትመጣለች።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክ የረሃብ ዘገባ ይህችን የደጋ ከተማ በዓለም ፊት አቆማት። ምስሉን የቀረጸው ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ነው። በንጋት ብርድ የሚንቀጠቀጥ ሕዝብ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ መሬት ላይ የተጋደመ አስከሬን፣ እናት፣ ሕፃን። እህል አለ ሲባል ሰምቶ ከየመንደሩ በእግሩ የመጣ ሰው ነበር። ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድምቀት ካከበረ ገና ሁለት ወር አልሞላውም፤ ድግሱ እስኪያልፍ ጋዜጠኛ ወደ ሰሜን እንዳይወጣ ተከልክሎ ቆይቷል።

ከዚያ በኋላ እንግዳው ጎረፈ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት የተወለደው ከዚያ ምስል ነው።

ረሃብ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለአገሩ ሰው አሳየ። ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር አቀላቅሎ ንጉሡን ባወረደ ዋዜማ በቴሌቪዥን አቀረበው። የወሎ ገበሬ ሞት የሥልጣን መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

ሞትና መከራ ወዳለፈበት ስፍራ የሚደረገውን ጉዞ ጆን ሌነንና ማልኮም ፎሊ የተባሉ ምሁራን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. «ጨለማ ቱሪዝም» አሉት። በወሎ ግን ሞት ወዳለበት መሄድ ቀድሞም ስም አለው፤ ለቅሶ መድረስ ይባላል። ለቅሶ ደራሽ አንገቱን ደፍቶ ይገባል፣ «ያጽናችሁ» ይላል፣ ከሐዘንተኛው ጎን ይቀመጣል። ለማን እንደሚያለቅስም ያውቃል። ኮረም የደረሰው ካሜራ ግን የሟቾቹን ስም አላወቀም፤ ፊታቸውን ይዞ ሄደ።

ይህን ማለት የካሜራውን ውለታ መካድ አይደለም። ያ ምስል ባይወጣ ኖሮ እህሉ ከዚያም በላይ ይዘገይ ነበር። ምስሉን የቀረጸው ሞሐመድ አሚን ራሱም ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ተጠልፎ ኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሕይወቱ አልፏል።

ከኮረም ጥቂት አለፍ ሲሉ የሐሸንጌ ሐይቅ አለ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ድል የሆነው የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ሲያፈገፍግ፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ቦምብና የመርዝ ጋዝ አዘነቡበት። ውሃው ዛሬ ጸጥ ያለ ነው፤ የማያውቅ መንገደኛ ውበቱን አድንቆ ያልፋል።

በአንጻሩ አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም የሟቾችን ፎቶ ከነስማቸው ሰቅሏል። ጎብኚው እዚያ የሚያየው የሰው ልጅ ብዛት ብቻ ሳይሆን እከሌንና እከሊትን ነው። የሰባ ሰባቱ ረሃብ ሟቾችም ይህ ይገባቸዋል።

በ1977 የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ሃምሳን አልፏል። ቀባሪዎቹ ደግሞ አርጅተዋል። በዚህ መንገድ የምታልፍ አንባቢ፣ ሮቢትም ቆቦም ኮረምም ስትደርስ ከመኪናህ ውረድ፤ ሽማግሌዎቹን በዚያ ክፉ ቀን ማንን እንደቀበሩ ጠይቅ፤ ስሙንም ጻፈው።