ሁለት ጩቤና አንድ ቆብ

«ዲናር» የሚለውን ስም ከወንጌል እናውቀዋለን፤ የቄሳር መልክ የነበረበት ገንዘብ ነው። ነገር ግን በሕይወት ያለ ሰው ፊት በዚያ ብር ላይ መውጣቱ ለሮማውያን ቀላል ነገር አልነበረም፤ ደም ፈሶበታል።

ሮማውያን ዲናርን መቅረጽ የጀመሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 ዓመት ገደማ ነው። በመጀመሪያ በአንድ ገጹ የራስ ቁር የደፋችው ሮማ የተባለች አምላክ፣ በሌላው መንትዮቹ ፈረሰኞች ካስቶርና ፖሉክስ ይታዩበት ነበር። ቆይቶ ገንዘብ የማስቀረጽ ሹመት ያገኙ ወጣት መኳንንት የአያቶቻቸውን ገድል ያስቀርጹበት ጀመር። ለሙታን ተፈቀደ፤ ለሕያዋን ግን ነውር ነበር።

ከነዚያ ሹማምንት አንዱ ማርቆስ ብሩቱስ ነው። በ54 ቅ.ል.ክ. ባስቀረጸው ዲናር ላይ ሊበርታስ፣ የነጻነት አምላክ፣ ትታያለች። በጀርባው ነገሥታትን ከሮም አባረረ የሚባለው ጥንታዊው ብሩቱስ በአጃቢዎቹ መካከል ይራመዳል። ሮም ንጉሥ አትሻም ማለቱ ነበር።

ዐሥር ዓመት አለፈ። በ44 ቅ.ል.ክ. ዩልዮስ ቄሳር የገዛ መልኩን «የዕድሜ ልክ ዲክታተር» ከሚል ጽሑፍ ጋር በዲናር ላይ አወጣ። በዚያው ዓመት፣ ማርች 15 ቀን፣ ብሩቱስና ግብረ አበሮቹ በጩቤ ወግተው ገደሉት።

ብሩቱስ ወደ ምሥራቅ ተሻግሮ ሠራዊት አሰባሰበ፤ ለደመወዝም ዲናር አስቀረጸ። ከሁሉም ስመ ጥሩ የሆነው ከ43 እስከ 42 ቅ.ል.ክ. ባለው ጊዜ የወጣው ነው። በጀርባው ሁለት ጩቤ፣ በመካከላቸው አርነት የወጣ ባሪያ የሚደፋው ቆብ፣ ከሥራቸውም የግድያው ዕለት ስም ተቀርጿል። ታሪክ ጸሐፊው ካሲዮስ ዲዮ ሳይቀር ይህን ሳንቲም በመጽሐፉ አንሥቶታል።

ሳንቲሙን ስንገለብጠው ግን ሊበርታስ የለችም። በስፍራዋ የብሩቱስ የራሱ ፊት አለ። ነጻነትን በጩቤ አስመልሳለሁ ያለው ሰው፣ ቄሳርን ያስወቀሰውን ነገር እርሱም በአንዲት ብር ላይ ደገመው። ወታደር ማን እንደሚከፍለው ማወቅ ይሻ ይሆናል፤ ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ጩቤውና ፊቱ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው ቀሩ።

በ42 ቅ.ል.ክ. ብሩቱስ በፊልጵስዩስ ድል ሆኖ ራሱን ገደለ። ድል ያደረጉትም የየራሳቸውን መልክ ያስቀርጹ ነበር። በወንጌሉ ዘመን የቄሳር መልክ በዲናር ላይ መገኘቱ የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል፤ ነውር እንደነበረ የሚያስታውስ አልተረፈም።