ስም ያላገኘው ዕቃ

በመርካቶ ቃላትም እንደ ሸቀጥ ይራገፋሉ። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ ጣሊያንኛ ነው፤ ወራሪው ከ1936 እስከ 1941 በቆየባቸው ዓመታት (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) የአራዳ ጊዮርጊስን ገበያ ወደ ምዕራብ ሲገፋው የተወልን። ከጭነት መኪኖቹ ጋር የመጡትም ቃላት ከባለቤቶቻቸው ተለይተው እዚሁ ቀሩ፦ ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ጓርኒሲዮን… ማርሚታማ በጣሊያኖቹ አፍ ድስት ማለትም ነች! ከጎጃም በረንዳ ዝቅ ብሎ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቆች ደጃፍ የሚውል የጋራዥ ልጅ ዛሬ እነዚህን ሁሉ እንደ አፍ መፍቻው ይጠራቸዋል።

በሞተሩና በማርሚታው መካከል የተቀመጠው አንድ ዕቃ ግን ስም አላገኘም። የተማረው «ካታላይዘር» ይለዋል፤ ሌላው በእጁ እያመለከተ «ያ ሆዳሙ» ይላል። ጣሊያን ሲወጣ ዕቃው ገና በመኪና ላይ አልዋለማ። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ኡዤን ሁድሪ የሎስ አንጀለስ ጭስ አሳስቦት በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሠራው፤ በአሜሪካ አዳዲስ መኪኖች ላይ በስፋት የተገጠመው ግን በ1975 ነው። ውስጡ እንደ ንብ ሰፈፍ የተቦረቦረ ሸክላ ነው፤ በላዩ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በስሱ ተቀብተዋል። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ በዚያ ሲያልፍ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። የሚገርመው ፕላቲነም ለአገራችን ባዕድ አለመሆኑ ነው፤ ወለጋ ውስጥ ዩብዶ ላይ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ተቆፍሯል።

ለመዘግየቱ ሌላም ምክንያት አለ። ሞተር እንዳያንኳኳ ቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ ሰፈፉን ሸፍኖ ያመክነዋል። ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች በ2001 ዳካር ላይ መክረው፣ እስከ 2005 መጨረሻ እርሳሱን ከቤንዚናቸው አወጡ። ከዚያ ወዲህ በእርሳስ ማመካኘት ቀርቷል።

በቪትዝ ታክሲ የሚያድር አንድ ጎረቤት አለኝ። መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት አጣ፤ ጭሱም የገማ እንቁላል ሸተተ። አብረን የሄድንባቸው ሽማግሌ መካኒክ ነገሩን ከሥሩ አስረዱን፦ አንዷ ካንዴላ ስትሰንፍ ያልነደደ ቤንዚን ወደ ሰፈፉ ይፈስሳል፣ እዚያ ይነድዳል፣ ሸክላውም ቀልጦ ይደፈናል። ስለዚህ ካንዴላው ሳይስተካከል አዲስ ዕቃ ቢገጠም እሱም ይቃጠላል። የአዲሱ ዋጋ ግን የጎረቤቴን የወር ገቢ የሚውጥ ነበር። ብዙዎች የሚመርጡት መንገድ ሌላ ነው፤ ቆርቆሮውን ይከፍቱታል፣ ሰፈፉን ሰብረው ይጥላሉ፣ ባዶውን መልሰው ይበይዱታል። መኪናው ዳገቱን ይወጣል።

«ጋሼ፣ ጭሱስ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ጭስ ደረሰኝ አይጠይቅም» አሉኝ።

እኔ ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ ስቆርጥ የምውል የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ንግግራቸው ከነከነኝ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ጎጃም በረንዳ ላይ ከመኪኖቹ ጭስ ማውጫ አንድ ክንድ ርቀው የሚያልፉት ተሸካሚዎችና በረንዳ አዳሪዎች ምን እንደሚስቡ አያውቁም። በ2024 መጀመሪያ መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ፤ ቀድመው የገቡት ግን ገና ብዙ ዘመን ያጨሳሉ።

ጎረቤቴ ሁለት ወር ቆጥቦ ካንዴላዎቹን ለወጠ፤ ከሶማሌ ተራም ያገለገለ ግን ሰፈፉ ያልተነካ ዕቃ ገዝቶ በአዲስ ጓርኒሲዮን አስገጠመ። ሽማግሌው ብሎኖቹን እያጠበቁ ረዳታቸውን «ወንፊቱን ደግፈው!» አሉት። ወንፊት ያጣራል እንጂ አይለውጥም፤ ቃሉ በትክክል አይገጥምም። ቢሆንም ከ«ካታላይዘር» ለእኛ አፍ ይቀርባልና በማስታወሻዬ ጻፍኩት።