ከአያት ስም በኋላ ማን አለ?

ባለፈው ወር ለ10ኛ ክፍል ልጆች "አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያላችሁ እስከምታውቁት ቁጠሩ" የሚል የቤት ሥራ ሰጠሁ። እዚሁ ቂሊንጦ የተወለደ የገበሬ ልጅ ተነሳና ትንፋሽ ሳይወስድ ዘጠኝ ቆጠረ። ከመሀል ከተማ ወደ ኮንዶሚኒየሙ የገቡት አብዛኞቹ አያት ላይ ቆሙ። ከዛ አንዷ "ቲቸር፣ እርስዎስ?" አለችኝ። የእኔ፣ የአባቴ፣ የአያቴ። መታወቂያዬ ላይ ያለው ማለት ነው። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፤ ማታ ግን ከነከነኝ። የታሪክ አስተማሪ ነኝ እኮ!

እንግሊዝ ገጠር ብወለድ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1538 ጀምሮ እያንዳንዱ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግብ ታዟል። የ1841ዱ የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ የየሰዉን ስም ይዟል። (ቆጣሪዎቹ ከ15 ዓመት በላይ ያለውን ዕድሜ በአምስት ቤት ወደ ታች እንዲያወርዱ ስለተነገራቸው የ34 ዓመቱ ሰውዬ 30 ተብሎ ተጽፏል። ወረቀትም ይዋሻል።) የቤተሰብ ስማቸው ስለሚወራረስ እሱን ይዞ ወደ ኋላ መሄድ ነው።

የእኛ ስም ግን በየትውልዱ ይቀየራል። በዛ ላይ ቤተ ክርስቲያን የምታውቀን በክርስትና ስም ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ አየለ የሚለው ሰው እዚያ ወልደ ሚካኤል ሊሆን ይችላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የክብር መዝገብ እንዲኖር ቢደነግግም ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ፤ የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ በ1976። ቅድመ አያቴ ጋ አንዱም አልደረሰም።

ሰሜን ሸዋ ላለችው አክስቴ ደወልኩ። ሰማንያ ሊሞላት ነው። ዓመተ ምሕረት አትቆጥርም። "አባባ ጡት ሳይጥል ነው አባቱ እህል ጭኖ አዲስ አበባ ሄዶ በኅዳር በሽታ እዛው የቀረ" አለችኝ።

በቃ፣ ዓመቱ ተገኘ! የኅዳር በሽታ 1911 ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ። አዲስ አበባ ውስጥ ቀባሪ እስኪጠፋ ሺዎችን ፈጀ፤ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነው የተረፉት። እንግዲህ አያቴ የተወለደው በ1909 ወይም በ1910 ነው ማለት ነው። የቀበሌ መታወቂያው ላይ ግን 1916 ይላል፤ አባቱ ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ!

የቅድመ አያቴ መቃብርም እዚሁ አዲስ አበባ የሆነ ቦታ ነው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ እያቃጠልን "ኅዳር ሲታጠን" የምንለው ከዚያ በሽታ ጋር ይያያዛል። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ "ኧረ ጭሱ አፈነን" እያልኩ መስኮት ስዘጋ ኖርኩ።

የክርስትና ስሙንም አክስቴ አልረሳችውም። መቃብሩ ስለማይታወቅ አያቴ ለኅዳር ሚካኤል በየዓመቱ ስሙን እያስጠራ ይዘክረው ነበር። ሁለቱንም ስም ቀስ ብላ ነገረችኝ፣ ጻፍኩት፣ መልሼ አነበብኩላት።

ሰኞ ክፍል ስገባ ያ ዘጠኝ የቆጠረው ልጅ "ቲቸር፣ ስንት ደረሱ?" አለኝ።

አራት አልኩት።