ከከፋ እስከ ታላላቅ ሐይቆች፤ የእንሰትና የሙዝ አጠውልግ በሽታ ታሪክ

የአንድ ተክል ቅጠል ቢጫ ሆኖ ሲጠወልግ ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። የውኃ እጥረት ያጠወልጋል፤ የአፈር ለምነት ማነስ ያጠወልጋል፤ ሥር የሚበላ ትል፣ ፈንገስና ባክቴሪያም እንዲሁ ያጠወልጋሉ። ስለዚህ በሽታን ለመከላከል አስቀድሞ በሽታውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ የበሽታውን ስም ማወቅ ብቻውን አይበቃም። በምን መንገድ ከተክል ወደ ተክል እንደሚተላለፍ መርምሮ ማወቅና ይህንኑ ዕውቀት ለአራሹ ማድረስ የግድ ነው። ለዚህም በእንሰት ማሳ ውስጥ ታውቆ በኋላ የምሥራቅ አፍሪካን ሙዝ የመታው የአጠውልግ በሽታ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል።

እንሰትና ሙዝ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ሁለቱም ዛፍ ቢመስሉም በዕፅዋት ሳይንስ አከፋፈል ዛፍ አይደሉም፤ ግንድ ብለን የምንጠራው ክፍላቸው እርስ በርሱ ተደራርቦ የተጠቀለለ የቅጠል እግር ነው። ከሙዝ የምንበላው ፍሬውን ሲሆን፣ ከእንሰት ግን ከግንዱና ከሥሩ የሚገኘውን ቆጮ፣ ቡላና አሚቾ ነው። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በእንሰት የሚተዳደረው ሕዝብ ከ20 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። በዩጋንዳም ማቶኬ የሚባለው ተቀቅሎ የሚበላ ሙዝ የብዙ ቤተሰብ የዕለት ምግብ ነው። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ስለሚፈጅ፣ ማሳው በበሽታ የተመታበት ገበሬ የሚያጣው የአንድ ዓመት ሰብል ብቻ ሳይሆን የብዙ ዓመታት ድካሙን ነው።

እንሰትን የሚያበሰብስ በሽታ በኢትዮጵያ መኖሩን ቀደም ብለው በጽሑፍ ከገለጹት አንዱ ካስቴላኒ የተባለው የኢጣሊያ ተመራማሪ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1939 ነበር። የበሽታው መንስኤ ታውቆ ስም የተሰጠው ግን ከ29 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ዳኛቸው ይርጉና የባክቴሪያ ሊቁ ብራድበሪ በሽታውን የሚያመጣው አንድ ባክቴሪያ መሆኑን አስታወቁ፤ ዛንቶሞናስ ሙሳሲያረም የሚል ስምም ሰጡት። የባክቴሪያው ሳይንሳዊ ስም ከዚያ ወዲህ ከአንድ ጊዜ በላይ የተሻሻለ ቢሆንም፣ ሙሳሲያረም የሚለው ቃል እስከ ዛሬ አልተለየውም።

ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ እነዚሁ ሁለት ተመራማሪዎች ያው ባክቴሪያ በከፋ ሙዝን እንደሚያጠቃ ገለጹ። ጽሑፋቸው የወጣው የምሥራቅ አፍሪካ የእርሻና የደን መጽሔት በሚባለው ኅትመት ላይ ነበር። እንግዲህ በሽታው ከእንሰት ወደ ሙዝ እንደሚሻገር የሚያስታውቀው ቃል ለጎረቤት አገሮች ሊቃውንት ቅርብ በሆነ መጽሔት ላይ ታትሞ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ከ27 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ በሽታው በዩጋንዳ በሙኮኖ ወረዳ ታየ። በዚያው ዓመት በምሥራቅ ኮንጎ በማሲሲ አካባቢም ተገኘ። እስከ 2010 ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ሩዋንዳን፣ ታንዛኒያን፣ ኬንያንና ቡሩንዲን አዳረሰ። ለሊቃውንቱ ስሙ የታወቀው በሽታ ለሙዝ አምራቹ ገበሬ ፍጹም እንግዳ ነበር። ለመሆኑ በእንሰት ላይ ለብዙ ዘመን የቆየው ይህ በሽታ በሙዝ ላይ እንዲህ የፈጠነው ለምንድን ነው?

መልሱ በመተላለፊያው መንገድ ላይ ይገኛል። እንሰት አብዛኛውን ጊዜ የሚቆረጠው አበባ ከመስጠቱ በፊት ነው። ስለዚህ ባክቴሪያውን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው በዋነኛነት የሚያሻግረው የታመመ ተክል የነካ ቢላዋ ነው። ሙዝ ግን ያብባል። ከፍሬው ዘለላ በታች የሚንጠለጠለው ሐምራዊ የወንዴ አበባ እምቡጥ ሽፋኖቹ በተራ እየረገፉ ሲወድቁ እርጥብ ቁስል ይተዋሉ። ንቦችና ሌሎች ነፍሳት ጣፋጩን ፈሳሽ ፍለጋ ከአበባ ወደ አበባ ሲዘዋወሩ ባክቴሪያውን ወደዚህ ቁስል ያደርሱታል። በዩጋንዳ ካይንጃ የሚባለውና ለመጠጥ መጥመቂያ የሚውለው የሙዝ ዓይነት በዚህ መንገድ በጣም ተጠቂ ሆኖ ተገኘ። ባክቴሪያው ያው ሆኖ ሳለ ሌላ በር ተከፈተለት ማለት ነው።

በሽታውን ለይቶ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የታመመው ሙዝ ቅጠሉ እሳት እንደገረፈው ይጠወልጋል፤ ፍሬው ያለ ጊዜውና ሳይስተካከል ቢጫ ይሆናል፤ ሲቆረጥም ውስጡ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ዋናው ምልክት ግን ግንዱ ሲቆረጥ የሚታየው ነው፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ከቁራጩ ፊት ላይ ወፈር ያለ ቢጫማ ፈሳሽ ይወጣል። ይህን በሽታ ፈንገስ ከሚያመጣው የፓናማ በሽታ ጋር ማምታታት አይገባም። በፓናማ በሽታ በአብዛኛው አስቀድመው ቢጫ የሚሆኑት ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ናቸው፤ ግንዱም ሲቆረጥ ይህ ፈሳሽ አይታይም።

አንድ ጊዜ የታመመን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለም። መከላከያው መንገዱን መዝጋት ነው። በሙዝ ላይ፣ የመጨረሻው የፍሬ ረድፍ እንደወጣ የወንዴውን እምቡጥ በባላ እንጨት ጠምዝዞ መቀንጠስ ዋነኛው ዘዴ ሆነ። በቢላዋ ያልሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቢላዋው ራሱ በሽታ ያስተላልፋል። በቢላዋ መሥራት ግድ ሲሆን ደግሞ ከተክል ወደ ተክል ከመሻገር በፊት ስለቱን በእሳት ማጋል ወይም በበረኪና ማጠብ ያስፈልጋል። ችግኝም ከጤነኛ ማሳ ብቻ መወሰድ አለበት።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለገበሬው ይሰጥ የነበረው ምክር አንድ ግንድ ከታመመ ከዚያው ሥር የበቀሉትን ሁሉ ነቅሎ መጣል ነበር። ይህ ብዙ ጉልበት የሚጠይቅና ጤነኛውን ከሕመምተኛው ጋር የሚያጠፋ በመሆኑ ብዙ ገበሬ ሳይቀበለው ቀረ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርምር ባክቴሪያው ከአንድ ሥር ወደ በቀሉት ግንዶች ሁሉ ሁልጊዜ እንደማይደርስ ታወቀ። ስለዚህ የታመመውን ግንድ ብቻ ከመሬት አስጠግቶ መቁረጥና ማሳውን በየጊዜው እየዞሩ ማየት የተሻለ ምክር ሆኖ ተገኘ። ገበሬው ሊፈጽመው የማይችል ምክር በወረቀት ላይ ትክክል ቢሆንም በማሳ ላይ እንደማይሠራ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በእንሰት አገርም ትግሉ አላበቃም። በወላይታ ማዚያ የሚባለው የእንሰት ዓይነት በሽታውን ከሌሎች በተሻለ እንደሚቋቋም ገበሬዎች ያውቃሉ፤ ተመራማሪዎችም ይህንኑ በሙከራ አይተዋል። ነገር ግን በሽታው ፈጽሞ የማይነካው እንሰት አልተገኘም። ጎረቤት ለጎረቤት ቢላዋ ማዋሱ፣ ችግኝ መለዋወጡም መልካም ልማድ ነው። ልማዱን መተው አያስፈልግም፤ የተዋሱትን ስለት ሳያጸዱ ወደ ማሳ አለመግባት ግን ያስፈልጋል። አንድ ገበሬ ብቻውን ቢጠነቀቅ ደግሞ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ አጥር የሚጋሩት ሁሉ አብረው መጠንቀቅ አለባቸው።

ከ1939 እስከ 2001 ያለው 62 ዓመት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ በሽታው ታይቷል፣ ተመርምሯል፣ ተሰይሟል፣ ወደ ሙዝ መሻገሩም ተጽፏል። የጎደለው ይህ ሁሉ ዕውቀት ከመጽሔቱ ወጥቶ ቢላዋ የያዘው እጅ ዘንድ መድረሱ ነበር። እንሰትና ሙዝ በሚበቅልበት አካባቢ ያለ ትምህርት ቤት ይህን ክፍተት ለመሙላት ከማንም ይልቅ ቅርብ ነው። የሥነ ሕይወት መምህር ስለ ባክቴሪያ ሲያስተምር ተማሪው የግንዱን ፈሳሽ ምልክትና የስለቱን ንጽሕና አብሮ ቢማር፣ ትምህርቱ በዚያው ቀን ወደ ወላጆቹ ማሳ ይደርሳል።