ሠዓሊ ነህ ወይስ ጻፊ?

ነቀምት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሱቅ ሰሌዳ የሚጽፍ ሰው ጋ ቀለም እበጠብጥ ነበር። ጋሼ ጽሑፉንም፣ የሥጋ ቤቱን በሬም፣ የፀጉር ቤቱን ጎረምሳም የሚሠራው በአንድ ብሩሽ ነው። ከላይ ቁቤ፣ ከሥር የግዕዝ ፊደል። (ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው፤ ለከተማው ሁለቱም ባዳ አይደሉም። ዓመቶቼ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ቀን ደንበኛ «ለመሆኑ ሠዓሊ ነህ ወይስ ጻፊ?» ቢለው ሳቅ ብሎ ዝም አለ።

ስለ ዶንግ ቺቻንግ ሳነብ ጥያቄው ተመለሰብኝ። ከ1555 እስከ 1636 የኖረ ቻይናዊ ሠዓሊ፣ የእጅ ጽሕፈት ሊቅና ባለሥልጣን ነው። ምሁር ዛፍና ተራራ ሲሥል ብሩሹ ፊደል እንደሚጽፍ ይሂድ ይል ነበር። እዚህ ላይ ጋሼ ያጨበጭብለት ነበር። ችግሩ ሌላው ሐሳቡ ነው፦ የቀደሙትን ሠዓሊዎች «ደቡብ» እና «ሰሜን» ብሎ ከፈላቸው። ከትውልድ አገር ጋር አይገናኝም። ለነፍሳቸው የሚሥሉት ምሁራን ደቡብ፣ በሙያው እንጀራ የሚበሉት ሰሜን ሆኑና ደቡብ በለጠ። ፈራጁ ራሱ ደቡብ ነው እኮ! በ1616 በቤተሰቡ ግፍ የተማረረ ሕዝብ ቤቱን አቃጠለበት፤ ፍርዱ ግን ለዘመናት ጸና።

ወደ እኛ እንምጣ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1932 ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነጎ የብራና መጻሕፍት የሚጽፉና በሥዕል የሚያስጌጡ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። ልጁ ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ ተመለሰ፤ «ጎልጎታ»ን ሣለ፣ ግጥም ጻፈ፣ በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ፣ በ1981 በስደት አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። አዲስ አበባ ላይ በስሙ ሙዚየም አለ። ሠዓሊም ገጣሚም ነውና ዶንግ ከደቡቦቹ ይመድበው ነበር ብዬ እገምታለሁ።

አባቱንስ? የዘመናዊ ሥዕላችን ታሪክ ሲተረክ አለቃ ደስታ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ይታለፋሉ። እኔም አሁን ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ፊደልና ሥዕል በአንድ እጅ የሚሠራው ሰው «ባለሙያ» ይባላል፣ ልጁ «አርቲስት»። ያለ ዶንግ የራሳችንን ሰሜንና ደቡብ ሠርተናል።

ባለፈው ነቀምት ስሄድ የጋሼን ሰሌዳዎች የታተመ ባነር ተክቷቸዋል። የፀጉር ቤቱን ብቻ አገኘሁ። የጎረምሳው ፊት ግማሹ ተልጧል፣ ጽሑፉ ግን ይነበባል። ፎቶ አነሳሁትና ጥግ ጥጉን ፈለግኩ። ስሙን አልጻፈበትም።