የፎገራ ሜዳና የዲ.ዲ.ቲ. ታሪክ

ርብና ጉማራ የሚያጠጡት የፎገራ ሜዳ በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ ውሃ በተኛበትም ወባ አትጠፋም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቁሞ ዲ.ዲ.ቲ. በየቤቱ ግድግዳ ይረጭ ጀመር፤ የብዙ ሰው ነፍስም ዳነ።

ነገር ግን ይህ መርዝ ቶሎ አይጠፋም፤ በዓሣና በሰው ስብ ይከማቻል፤ በእናት ጡትም ወደ ሕፃን ያልፋል። ስለዚህ የ2001 የስቶክሆልም ውል በእርሻ ላይ እንዳይረጭ ከለከለ።

ከዚህ የምንማረው፣ የመርዝ ጉዳት የሚመዘነው በዓይነቱ ብቻ ሳይሆን በመጠኑ፣ በቆይታውና ወደ ሰውነት በሚገባበት መንገድ መሆኑን ነው። እኛም የወረታ ተማሪዎች ባዶ የመርዝ ዕቃ ውሃ መቅጃ እንዳይሆን በየቤታችን እንንገር።